ከሉካ እስከ ሮም በብስክሌት፦ ለማይቸኩል ሰው የተጻፈ መመሪያ

በጣሊያኑ የተሳላሚዎች መንገድ በብስክሌት ልሂድ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ይነዳል?» ብሎ ነው። እኔ የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ከቀኑ በስንት ሰዓት ብስክሌታችሁን አቁማችሁ ገላችሁን መታጠብ ትፈልጋላችሁ? ስምንት ሰዓት ካላችሁ ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ካላችሁ ስፖርተኞች ናችሁና ሌላ ጽሑፍ ፈልጉ። (ሰዓቱን ሁሉ በሐበሻ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኛ ስምንት ሰዓት በጣሊያን ሰሌዳ ላይ 14፡00 ነው።)

መንገዱ ቪያ ፍራንቺጄና ይባላል። ከእንግሊዝ ካንተርበሪ ተነስቶ፣ ፈረንሳይንና ስዊዘርላንድን አቋርጦ፣ በአልፕስ ተራሮች በኩል ጣሊያን ገብቶ ሮም ቅዱስ ጴጥሮስ ደጃፍ ላይ ያበቃል። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሲጄሪክ እ.ኤ.አ. በ990 ከሮም ወደ አገሩ ሲመለስ ያረፈባቸው 79 ቦታዎች በጽሑፍ ቀርተዋል። የዛሬው መንገድ የተቀየሰው በዋናነት ያንን ዝርዝር ተከትሎ ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት ደግሞ በ1994 የአውሮፓ የባህል መንገድ ብሎ እውቅና ሰጥቶታል።

1. ከቤት ሳትወጡ ርቀቱን ቁረጡ

የጣሊያኑ ክፍል ብቻ፣ ከግራን ሳን ቤርናርዶ መተላለፊያ (2,469 ሜትር) እስከ ሮም፣ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሁሉንም ካላዳረስኩ የሚል ሰው ዕረፍቱን ወደ ሥራ ይለውጠዋል። መተላለፊያው ላይ በረዶ የሚቀልጠው በአውሮፓ በጋ ነው። ከዚያ ወርዳችሁ የምታገኙት የፖ ወንዝ ሜዳ ደግሞ ሩዝ የሚዘራበት፣ ሙቀቱም ትንኙም የማይቻል አገር ነው። ቀጥሎ የቺዛ መተላለፊያ (1,041 ሜትር) ይጠብቃችኋል። እሱን ሁሉ ለጉልበተኞች ተዉላቸው።

ከሉካ ጀምሩ። ከሉካ እስከ ሮም 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የቶስካና ኮረብቶች፣ የቦልሴና ሐይቅና የላትሲዮ ጥንታዊ ከተሞች በሙሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። አሥራ ሁለት የመንጃ ቀንና ሁለት የማረፊያ ቀን መድቡ። በአማካይ በቀን ከ30 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ይደርሳል ማለት ነው፤ ብስክሌት አዘውትሮ ለማይነዳ ጤነኛ ሰውም አይከብድም። ያላችሁ ዘጠኝ ወይም አሥር ቀን ብቻ ከሆነ ቀኑን ከማጣበብ መንገዱን አሳጥራችሁ ከሲዬና ጀምሩ።

2. ወቅቱን ምረጡ

የኛ መስከረም፣ ሙሉ ወሩ፣ ከሁሉ ይሻላል። ወይኑ የሚለቀምበት ጊዜ ነው፣ ሙቀቱ በርዷል፣ የሐይቁ ውኃ ግን ገና ለብ ያለ ነው። ሁለተኛው ምርጫ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው፤ ማሳው ለምለም ነው፣ ዝናብ ግን አልፎ አልፎ ያገኛችኋል። ጁላይና ኦገስትን ተዉአቸው። ጥላ በሌለው ኮረብታ ላይ ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ ፀሐይ መንዳት ዕረፍት አይደለም። በዚያ ላይ ኦገስት 15 ፌራጎስቶ ስለሆነ አገሩ ሁሉ ወይ ዝግ ነው ወይ በሰው ተሞልቷል።

3. ብስክሌቱና ጭነቱ

የመንገዱ ብዙ ክፍል ጠጠር ስለሆነ ቀጭን ጎማ ያለው የእሽቅድምድም ብስክሌት አይሆንም። የጎማው ስፋት ከ38 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ለዳገት የሚሆን በጣም ቀላል ማርሽ መኖሩንም አረጋግጡ። ከአገራችሁ ይዛችሁ ከመብረር እዚያው መከራየት ይቀላል። ሉካ ውስጥ የብስክሌት አከራዮች ሞልተዋል፤ አንዳንዶቹ ተጨማሪ ክፍያ ተቀብለው ብስክሌቱን ሮም ድረስ መጥተው ይረከባሉ። ይህን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተስማሙ።

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ልያዝ ወይ ለሚል፦ ያዙ፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። በአውሮፓ ሕግ ሞተሩ የሚያግዘው በሰዓት እስከ 25 ኪሎ ሜትር ድረስ ነው፤ ፔዳሉን መምታት አይቀርላችሁም። ባልና ሚስት ሲሄዱ አንደኛው ጠንካራ ሌላኛው ደካማ ከሆነ፣ ለደካማው ኤሌክትሪኩን መስጠት ብዙ ኩርፊያ ያስቀራል። ችግሩ ክብደቱ ነው። ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብስክሌት ሊፍት በሌለው የባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ ተሸክሞ መውጣት አለ፤ ይህን አስባችሁ ወስኑ።

ዕቃችሁ በሙሉ በኋላ ጎማ ግራና ቀኝ በሚንጠለጠሉ ሁለት ውኃ የማያስገቡ ቦርሳዎች ይግባ። ከ10 ኪሎ ካለፈ አንድ ነገር አውጡ። ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ሁለት፣ ለማታ የሚሆን አንድ ሙሉ ልብስ፣ ስስ የዝናብ ጃኬት፣ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ነገር ይበቃል። ለብስክሌቱ ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ የጎማ ማንሻ፣ ትንሽ መንፊያ፣ የብሎን መፍቻዎችና ጠንካራ ቁልፍ ያዙ። ቫዝሊንም አትርሱ። ጠዋት ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት የምትቀመጡበትን ቦታ ተቀቡ፤ በዚህ ጉዞ ሰውን አስቁሞ ወደ ቤቱ የሚመልሰው ከድካም ይልቅ የተላጠ ቆዳ ነው።

ሕጉን በተመለከተ፦ መብራትና ደወል ግዴታ ነው። ከከተማ ውጭ ማታ ስትነዱና በማንኛውም ጊዜ ዋሻ ውስጥ ስትገቡ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ መልበስ አለባችሁ። ሄልሜት ግዴታ አይደለም፣ እናንተ ግን አድርጉ።

4. ወረቀቶች

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ለቪዛው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ስለሚጠየቅ፣ ስትገዙት ብስክሌት መንዳትን የሚያካትት መሆኑን አንብቡ። አንዳንዱ መድን «አደገኛ ስፖርት» ብሎ ያስወጣዋል። ማረፊያ ቤት ሁሉ እንግዳውን የመመዝገብ ግዴታ ስላለበት ፓስፖርታችሁ በየማታው ይጠየቃል፤ እንዳይርስ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከላይ አድርጉት።

ሌላው ወረቀት ክሬደንዚያሌ የሚባለው የተሳላሚ ደብተር ነው። ታጣፊ ካርቶን ነው፤ በየደረሳችሁበት ቤተ ክርስቲያን፣ ማረፊያ ወይም ቡና ቤት ማህተም ይመታበታል። አስቀድማችሁ ከመንገዱ ማኅበር በኢንተርኔት ማዘዝ ትችላላችሁ። ሁለት ጥቅም አለው፦ በተሳላሚ ማረፊያዎች አልጋ የሚሰጠው በእሱ ነው፤ መጨረሻ ላይም ሮም ውስጥ ቴስቲሞኒዩም የሚባለውን የምስክር ወረቀት የምታገኙት በእሱ ነው። እግረኛ የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር፣ ብስክሌተኛ ደግሞ የመጨረሻውን 200 ኪሎ ሜትር መሄዱን በማህተም ማሳየት አለበት። ከሲዬና የጀመረ ሰው ይህን በቀላሉ ያሟላል። በቀን ሁለት ማህተም አስመቱ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ደብተሩን አትዝጉት፣ አለዚያ የአልቶፓሾው ማህተም የሉካው ላይ ይታተማል።

አልጋ ሁሉንም ቀን አስቀድሞ መያዝ ነፃነት ያሳጣል፤ ምንም አለመያዝ ደግሞ ሳን ጂሚኛኖና ሲዬና ላይ ያስቸግራል። እነዚህን ሁለቱንና ሮምን ያዙ፣ ሌላውን አንድ ቀን ሲቀር ደውሉ። ገዳማትና አጥቢያዎች የሚያስተዳድሯቸው ማረፊያዎች ርካሽ ናቸው፣ አንዳንዶቹ የፈቀዳችሁትን ስጦታ ብቻ ይቀበላሉ፤ ግን ማታ በጊዜ ይዘጋሉ። አግሪቱሪዝሞ የሚባሉት የገበሬ ቤቶች ውድ ቢሉም እራታቸው ዋጋው ይገባዋል። የትም ብትደውሉ ብስክሌት የሚቆለፍበት ክፍል መኖሩን ጠይቁ።

5. እስከ ሉካ

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሮም ፊዩሚቺኖ አርፎ ወደ ሰሜን በባቡር ይወጣል። ከአውሮፓ ለሚመጡ ፒሳ ይቀርባል፤ ከፒሳ ሉካ ባቡሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ብስክሌት ይዛችሁ ከሆነ ፈጣኖቹ ባቡሮች ተጣጥፎ ወይም ተፈትቶ በከረጢት ካልገባ አይቀበሉም። «ሬጆናሌ» የሚባሉት የክልል ባቡሮች ግን ብስክሌት የተሳለበት ፉርጎ አላቸው፤ የብስክሌቱ ትኬት ሦስት ዩሮ ተኩል አካባቢ ነው። የወረቀት ትኬት ከያዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ማሽን አስመቱት፤ ሳይመታ ከተገኘ ቅጣት አለው። ባቡሩ ሳይደርስ ቦርሳዎቹን ከብስክሌቱ ላይ አውርዱ። በሩ ጠባብ፣ ደረጃውም ከፍ ያለ ነው፤ ከነጭነቱ ለማስገባት ስትታገሉ ባቡሩ ይነሳል።

6. የቀኑ አካሄድ

አንድ ሰዓት ላይ ቁርስ፣ ከሁለት ሰዓት በፊት መንገድ። ዳገቱን ሁሉ ጠዋት ጨርሱት። አራት ሰዓት ላይ ካገኛችሁት መንደር ቡና ቆማችሁ ጠጡ። ባንኮኒው ጋ ቆሞ የሚጠጣ ቡና ከአንድ ዩሮ ብዙም አይበልጥም፤ አደባባይ ላይ ተቀምጣችሁ ከሆነ ዋጋው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ሱቆች ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ገደማ ስለሚዘጉ፣ ዳቦና ፍራፍሬ ከስድስት ሰዓት በፊት ግዙ። ምሳ ቤትም ከስምንት ሰዓት ተኩል በኋላ አያስተናግድም፤ እራት ደግሞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት አይጀመርም። ይህን ያላወቀ ሰው አሥር ሰዓት ላይ በርሃብ አደባባይ ለአደባባይ ይንከራተታል።

ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ ቶስካና አያስቸግራችሁም፣ የድሃ ገበሬ ምግብ ብዙው ጾም ነውና። ፒዛ ማሪናራ አይብ የለውም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ነው። በቫል ዶርቻ አካባቢ ፒቺ የሚባል በእጅ የሚድቦለቦል ወፍራም ፓስታ አለ፤ «አሊዮኔ» በሚባለው የነጭ ሽንኩርትና የቲማቲም ስጎ እዘዙት፣ ሊጡ ውስጥ እንቁላል መኖር አለመኖሩን ግን ጠይቁ። ሉካና ፒሳ አካባቢ ቼቺና የሚባል የሽምብራ ዱቄት ጋገራ ይሸጣል፤ ሽሮ ለለመደ አፍ እንግዳ አይሆንም። የቶስካና ዳቦ ጨው የለበትም፤ አትደንግጡ።

7. መንገዱ፣ ቀን በቀን

አቅጣጫችሁን በስልክ ይዛችሁ ሂዱ። የመንገዱ ማኅበር ለብስክሌት የተለየውን መስመር የጂ.ፒ.ኤስ. ፋይል በነፃ ያስወርዳል። በየዛፉና በየድንጋዩ የምታዩት ቀይና ነጭ ቀለም የእግረኞቹ ነው፤ እሱን ብቻ ብትከተሉ ብስክሌት ተሸክማችሁ ጫካ ውስጥ ትገኛላችሁ።

ሉካ ስትደርሱ በዚያው ቀን አትነሱ። የከተማዋ ግንብ አናቱ ሰፊ፣ በዛፍ ጥላ የተሸፈነ መንገድ ነው፤ ዙሪያው ከ4 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። የተከራያችሁትን ብስክሌት ሙሉ ጭነት ጭናችሁ ሁለት ዙር ንዱበት። ኮርቻው ካልተመቸ፣ ፍሬኑ ከጮኸ፣ ማርሹ አልገባ ካለ ሱቁ እዚያው ነው።

የመጀመሪያው ቀን እስከ ሳን ሚኒያቶ ወደ 47 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሜዳ ስለሆነ ግን አይሰማም። መሐል ላይ አልቶፓሾ አለች። በመካከለኛው ዘመን «የታው ፈረሰኞች» የሚባሉት እዚህ ለተሳላሚዎች መታከሚያና ማደሪያ ነበራቸው። ሲመሽ «ስማሪታ» የተባለችውን ደወል ይደውሉ ነበር፣ ረግረጉና ጫካው ውስጥ የጠፋ መንገደኛ ድምፁን ተከትሎ እንዲመጣ። ከተማዋ በዳቦዋም ስለምትታወቅ የምሳችሁን ከዚያ ግዙ። ሳን ሚኒያቶ ኮረብታ ላይ ስለሆነች የቀኑ ብቸኛ ዳገት መጨረሻው ላይ ነው።

ከሳን ሚኒያቶ ሳን ጂሚኛኖ ወደ 37 ኪሎ ሜትር፣ ሁሉም ወጣ ገባ። እዚህ እደሩ። ቀን በአውቶቡስ የሚመጣው ጎብኚ ከተማዋን አጨናንቋት ይውላል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጥሎ ይሄዳል፣ ማማዎቹም ለአዳሪው ይቀራሉ። በቀጣዩ ቀን ኮሌ ዲ ቫል ዴልሳን አልፋችሁ ሞንቴሪጆኒ ትደርሳላችሁ፤ 14 ማማ ያለው ግንቧ ከሩቅ ይታያል፣ ውስጧ ግን በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ሲዬናን በካሞሊያ በር ግቡ። በሩ ላይ በላቲን «ሲዬና ከዚህ በር ይልቅ ልቧን አብልጣ ትከፍትልሃለች» የሚል ተቀርጿል። ከበሩ ወዲህ ብስክሌቱን እየገፋችሁ ሂዱ፣ መንገዱ ጠባብ ሰዉም ብዙ ነው። ሲዬና ላይ አንድ ቀን ሙሉ እረፉ። ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ያለው ሳንታ ማሪያ ዴላ ስካላ ለብዙ መቶ ዓመታት ተሳላሚና በሽተኛ የሚቀበል ሆስፒታል ነበር፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። ጁላይ 2 እና ኦገስት 16 የፓሊዮ የፈረስ ውድድር ስለሆነ በነዚያ ቀናት አካባቢ አልጋ አይታሰብም።

ከሲዬና በስተደቡብ ነጩ ፒስታ ይጀምራል። ስለ ጠጠሩ ጥቂት ልበል፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና። ሲደርቅ መንገዱ ላይ ልቅ ጠጠር በመሐልና በዳር ይከመራል፤ የመኪና ጎማ የደለደለውን ንጣፍ ይዛችሁ ንዱ። ጎማችሁን ለአስፋልት ከምትነፉት ትንሽ አሳንሱት። ቁልቁለት ላይ ፍጥነታችሁን መታጠፊያው ሳይደርስ ቀንሱ፤ ከታጠፋችሁ በኋላ የፊት ፍሬን መያዝ ማለት መውደቅ ነው። መሪውን አንቃችሁ አትያዙ፣ ብስክሌቱ ትንሽ ይወዛወዝ፣ ክርናችሁም ይላላ። ዳገት ላይ ከኮርቻው አትነሱ፤ ክብደታችሁ ከኋላ ጎማ ላይ ከተነሳ ባዶውን ይሽከረከራል። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። የሲዬና አካባቢ አፈር ግራጫ ሸክላ ነው፤ ጎማው ላይ እየተጠቀለለ፣ ከፍሬኑና ከጭቃ መከላከያው ጋር እየታሸገ፣ መጨረሻ ላይ ጎማው ጭራሽ አይዞርም። በእንጨት እየፋቃችሁ መቶ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ እንደገና ነው። ስለዚህ ሌሊት የዘነበ እንደሆነ የዚያን ቀን አስፋልቱን ያዙ፣ ወይም ቁርሳችሁን አርዝሙ።

እስከ ቡኦንኮንቬንቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ አጭር ናት ብላችሁ አትዝለሏት። በማግስቱ ሳን ኪሪኮ ዶርቻን አልፋችሁ ባኞ ቪኞኒ እደሩ። የመንደሩ አደባባይ በፍል ውኃ የተሞላ ትልቅ ገንዳ ነው። እሱ ውስጥ መግባት ክልክል ነው፤ ከመንደሩ በታች በድሮዎቹ ወፍጮዎች በኩል በሚወርደው ቦይ ግን እግራችሁን መንከር ትችላላችሁ። ንከሩ፣ ነገ ያስፈልጋችኋል።

ነገ ራዲኮፋኒ ነው። የጉዞው ከባድ ቀን ይህ ነው፤ ርቀቱ ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም፣ ግን ከሸለቆው ተነስታችሁ ወደ 800 ሜትር ከፍታ ትወጣላችሁ። ለአዲስ አበባ ሰው 800 ሜትር ቆላ ነው፣ ሳንባ አይጨነቅም፤ የሚጨነቀው ጉልበት ነው። ገና ሲነጋ ተነሱ። ሁለት ሊትር ውኃና የሚበላ ነገር ይዛችሁ ውጡ፣ በመንገዱ ብዙ ሱቅ የለምና። ምሽጉ ከብዙ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከላይ ይታያችኋል፤ አትመልከቱት፣ ፊታችሁ ያለውን ሃያ ሜትር ተመልከቱ። ሲደክማችሁ ወርዳችሁ ግፉ። በ13ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጊኖ ዲ ታኮ የሚባል ሽፍታ ይህን ምሽግ ይዞ በመንገዱ የሚያልፈውን ሀብታም ይዘርፍ ነበር፤ ከላይ ሆናችሁ ሸለቆውን ስታዩ ቦታውን ለምን እንደመረጠ ይገባችኋል።

ከራዲኮፋኒ አኳፔንዴንቴ የመጀመሪያው ክፍል ረጅም ቁልቁለት ነው። ፍሬኑን ሳታቋርጡ አትያዙት፤ ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ አውርዱት፣ ሸለቆው ስትደርሱም የፍሬኑ ሸራ አለማለቁን ተመልከቱ። ካለቀ መካኒክ ቤት ግቡ፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ ፖምፓ ብትሉ ይገባቸዋል። ቀጣዩ ቀን ከሁሉም አጭሩ ነው፦ ቦልሴና፣ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ። አራት ሰዓት ላይ ደርሳችሁ ሐይቁ ውስጥ ናችሁ። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ሐይቅ ነው፤ የቢሾፍቱን ለሚያውቅ ሰው የሚገርመው ስፋቱ ነው። ሁለተኛውን የማረፊያ ቀን እዚህ አድርጉት።

ከዚያ በሞንቴፊያስኮኔ በኩል ቪቴርቦ። ሁለቱ መሐል ሮማውያን ያነጠፉት የካሲያ መንገድ ጥቁር ድንጋይ እስከ ዛሬ አለ፤ ብስክሌቱን ገፍታችሁ እለፉት፣ ለጎማውም ለወገባችሁም ይሻላል። ቪቴርቦ ለአንድ ማታ ብቻ የምትበቃ አይደለችም። ከ1268 እስከ 1271 ካርዲናሎቹ የሮም ጳጳስ መምረጥ አቅቷቸው ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ በመሐል የከተማው ሰው ቆልፎባቸው ምግብ ቀነሰባቸው፣ ጣሪያውንም አነሳባቸው ይባላል። የጳጳሳቱ ቤተ መንግሥት አሁንም ቆሟል። ከከተማው ወጣ ብሎም ቡሊካሜ የሚባል ፍል ውኃ አለ።

ከቪቴርቦ ሱትሪ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብዙው ሃዘልነት በሚባል የለውዝ ዓይነት እርሻ ውስጥ ያልፋል። የሱትሪ የሮማውያን አምፊቴአትር ከድንጋይ ተገንብቶ ሳይሆን ከአለቱ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፤ ላሊበላን ያየ ሰው ግድግዳውን መዳበሱ አይቀርም። ቀጥሎ ካምፓኛኖ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል፤ በመንገድ የሞንቴ ጄላቶን ትንሽ ፏፏቴ ታገኛላችሁ፣ ምሳ እዚያ ብሉ።

8. ሮም መግባት

እስከ አሁን የሸሻችሁት የካሲያ አውራ ጎዳና ሮም መግቢያ ላይ ባለችው ላ ስቶርታ አካባቢ ይጠብቃችኋል። መኪናው ብዙ፣ ዳሩ ጠባብ ነው። ዕረፍት ላይ ያለ ሰው እዚያ የሚያረጋግጠው ነገር የለውም። ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው ከካምፓኛኖ ቀጥላ ካለችው ከፎርሜሎ ወደ ቲቤር ወንዝ ወርዶ፣ በሰሜን ከካስቴል ጁቢሌዎ አካባቢ በሚጀምረው የወንዝ ዳር የብስክሌት መንገድ እስከ ሚልቪዮ ድልድይና ከዚያም ወደ ቫቲካን መቅረብ ነው። ሁለተኛው ከላ ስቶርታ ጣቢያ ኤፍ.ኤል.3 የተባለውን ባቡር ይዞ ሮማ ሳን ፒዬትሮ ጣቢያ መውረድ ነው፤ ጣቢያው ከባዚሊካው በእግር የሚደረስ ነው። ለምስክር ወረቀቱ በብስክሌት መግባት ስለሚሻል እኔ ወንዙን እመርጣለሁ።

ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ላይ ብስክሌት አይነዳም። አንዱ ጠባቂ ይሁን ሌላው ይሰለፍ፤ ሻንጣ የተጫነበትን ብስክሌት በሮም ጎዳና ቆልፎ መሄድ ስጦታ መስጠት ነው። ቴስቲሞኒዩም የሚሰጥበት ቢሮ ቦታው ስለሚቀያየር፣ ደብተሩን ስታዝዙ የወቅቱን አድራሻ አብራችሁ ጠይቁ።

ከባዚሊካው ጀርባ፣ በቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው መቶ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች የተሰጠ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና 1549 የግዕዙን አዲስ ኪዳን ሮም ውስጥ ያሳተሙት እዚያ ሳሉ ነው። እነሱ የመጡት በዚህ መንገድ ሳይሆን በኢየሩሳሌም በኩል ነበር። በግቢው ውስጥ ስለሆነ እንደ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ሰተት ተብሎ አይገባም።

አንድ ቀን ከተረፋችሁ ብስክሌቱን ሳትመልሱ እሑድ ጠዋት የአፒያ አንቲካን መንገድ ንዱ፤ እሑድ መኪና ይቀንሳል። አበበ ቢቂላ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 በባዶ እግሩ የሮጠው በዚህ በኩል ነው፤ ሩጫው ያለቀው ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነው፣ በብስክሌት ብዙ አይርቅም። ድንጋዩ ግን ሻካራ ነው፣ ሻንጣችሁን ማረፊያችሁ አስቀምጡ።

አከራዩ ሮም ድረስ የማይመጣ ከሆነ ብስክሌቱን በክልል ባቡር በፒሳ በኩል ወደ ሉካ መመለስ ይቻላል፤ ግማሽ ቀን ይወስዳል፣ አስቀድማችሁ መድቡት። ቀጥታ ወደ አየር ማረፊያ የምትሄዱ ደግሞ ከሳን ፒዬትሮ ጣቢያ በኤፍ.ኤል.3 ትራስቴቬሬ ወርዳችሁ፣ ወደ ፊዩሚቺኖ የሚሄደውን ኤፍ.ኤል.1 ያዙ። ከሮም ዋና ባቡር ጣቢያ ከቴርሚኒ የሚነሳው ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ ይፈጥናል፣ ዋጋው ግን ይጨምራል።